ሦስት ቁጥር

በመጀመሪያው ጊዜ ሐኪም ነው ያዘዘኝ፣
«ለሳንባህ ከፍታና ውሃ ነው» ብሎ የሰደደኝ፤
ኋላ ግን ሳይልከኝ፣ ሳያመኝም ሄድኩኝ፣
ደረቴ ሲሻለው እግሬን አመመኝ።

እዚያ አገር ሐምሌ ጃንጥላ አያውቅም፣
አሸዋው ፎጣ ለብሶ ገላው አይታይም።
ከአልማቲ አውቶቡስ ሰው ያራግፋል፣
የታጠነ ዓሣ በገመድ ተሰቅሎ ይወዛወዛል፣
አንዱ ግመል ይዞ «ፎቶ ተነሡ» ይላል፣
ግመሉ ሰልችቶት ፊቱን አዙሮ ያመሰኳል።
ጀልባ አከራዩ ቶክቶሽ፣ ፊሽካ በአንገቱ፣
ዐሥራ አንድ የፕላስቲክ ዝይ አሰልፎ በፊቱ፣
ፔዳል የሚረግጡ ጥንዶችን ይቆጥራል፣
ሰዓት ያሳለፈውን በስድብ ይጠራል።

ቡሩልቻ ከኮክ ዛፎቿ መሃል ወጥታ
የሦስት ቁጥርን ቁልፍ ሰጠችኝ።
ቁልፉ ላይ እንጨት ታስሯል፣
እንጨቱ ላይ በግ ተቀርጿል፣
በጉ ሦስት እግር ብቻ አለው።
«ማን ቀረጸው?» አልኳት።
ሰምታኛለች። ሻይ ልታፈላ ገባች።

በጥቅምት ስመለስ ግመሉ የለም፤
ባለግመሉ ድንች ሊያወጣ ማሳ ወርዷል።
ቶክቶሽ ዝይዎቹን ከውሃው ስቦ
በአንድ ሸራ ሥር አንገት ለአንገት አስተኝቷል።
«ዐሥር ናቸው» አለኝ፣ «አንዱን ማዕበል ወሰደው፤
ማዶ ያሉ ሰዎች ዶሮ ያሳድሩበታል።»

ቡሩልቻ እንግዳ የረሳውን ሁሉ መደርደሪያ ላይ ታኖራለች፦
አንድ እግር የሕፃን ጫማ፣ የዋና መነጽር፣
የእኔን ሻርፕ፣
የአንድ ኮሎኔል ሰው ሠራሽ ጥርስ።
«ይኼን ጊዜ በምኑ ይበላ ይሆን?» ትላለች፣
አፏን በሻሿ ሸፍና ትስቃለች።

በጥር ሳልደውል ሄድኩ፣ ማን ይኖራል ብዬ፣
ከተማው ለብቻዬ ይሆናል ብዬ።
ተራራው እስከ እግሩ ነጭ ለብሷል፣
ኢሲክ ኩል ግን፣ ስሙም «ሙቅ ሐይቅ» ነው፣
ውርጭ አያረጋውም፤
ጥቁር ውሃው እንደ ተጣደ ድስት ይተናል።

ባዶ መስሎኝ ነበር።
የየቤቱ ጭስ ማውጫ ይጨሳል፣
ልጆች በሆቴሉ የምግብ ትሪ ላይ ተቀምጠው
ቁልቁለቱን እየጮኹ ይወርዱታል፣
ሁለት አሮጊቶች መሃል መንገድ ቆመው ያወራሉ።
በሐምሌ ቢሆን ማን ያስቆማቸዋል?
ቶክቶሽ ሰርግ ደግሷል፤ በሩቁ እጁን አውለበለበልኝ።

ቡሩልቻ በሩን ከፈተች፣ ጠበበ ፊቷ፤
«ሦስት ቁጥር ተይዟል» አለች፣ አፍራ በገዛ ቤቷ።
ከኋላዋ ረጅም ሰው፣ በካልሲ፣ ዳቦ እያኘከ።
ኤርመክ። ልጇ።
ዐሥር ወር ኖቮሲቢርስክ ጡብ ይደረድራል፣
ሥራው በውርጭ ሲቆም፣ እዚህም እንግዳ ሲያልቅ፣
መጥቶ ሁለት ወር በአልጋው ይተኛል።

በአልጋው።
እኔ በጋና መኸር የተንፈላሰስኩበት፣
ግድግዳው ላይ በእርሳስ የቁመት ምልክት ያለበት፣
«የሆነ እንግዳ ልጅ ነው» ብዬ ያለፍኩት።

ኩሽና ውስጥ አነጠፉልኝ፣ ከምድጃው ጥግ።
ሌሊቱን በግድግዳው ማዶ እናትና ልጅ
ትልቅ ነገር አላወሩም፤
የላሟን ነገር፣ የጣራውን ቆርቆሮ፣
የኮሎኔሉን ጥርስ።
ጠዋት ስለ በጉ ጠየቅኩት፦ «አራተኛው እግርስ?»
«ራት ደረሰ» አለኝ፣ «እማዬ ጠራችኝ።»

በሚያዝያ ኮኩ አብቦ ነበር።
ቶክቶሽ ዐሥሩን ዝይ ቀለም ይቀባል፣
ዐይናቸውን ለመጨረሻ አስቀርቶ።
ቡሩልቻ ቁልፉን ዘረጋችልኝ፤
እጄ ዘገየ።
«አንድ ቁጥርስ?»
«አንድ ቁጥር ሐይቁን አያይም፤ የሚያየው ላሟን ነው።»
«ላሟ ትሻለኛለች።»

ትክ ብላ አየችኝ፣
በጉን ወደ ሽርጧ ኪስ መለሰችው።

በሐምሌ ግን ታከራየዋለች፤ ማከራየት አለባት፤
ቆርቆሮው ገና አልተከፈለበት።
ሻንጣውን ያስቀመጠ አንድ ሰው እርሳሱን አይቶ
«ይህ የማን ልጅ ነው?» ይላታል።
ትሰማዋለች።
ሻይ ልታፈላ ትገባለች።