ከማን ጋር አይቀመጥም

ቁልፉን ሲያስረክቡኝ ጋሽ ቻላቸው፣ በጡረታቸው ዋዜማ፣
«ሁሉም በፊደል ተራ ነው፤ አትሳሳቺም በጨለማ»
ብለው መዝገቡን ሰጡኝ፤ ባለ ጥቁር ክር ጥራዝ፣
እጅ ጽሑፉ የብራና፣ የሚያሳሳ በእጅ ሲያዝ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ስርዝ የለበትም፤
ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ተሰልፎ አንድ ጠርሙስ አልጎደለም።

አዘዞ፣ ትምህርት ቤት ጓሮ፣ ቆርቆሮ ክዳን መጋዘን፣
አንድ መስኮት፣ አንድ አምፖል፣ ወደ ግራ ያዘነበለ ሚዛን።
በመጀመሪያው ሳምንት ተመቸኝ፤ የፈለግሁትን አላጣሁም፤
በሁለተኛው «አ» ጋ ስደርስ፣ ከቆምሁበት አልተነሣሁም።

አሴቶንና አሞኒየም ናይትሬት፣ ትከሻ ለትከሻ፤
አንዱ ነዳጅ፣ አንዱ ለነደደ ሁሉ ትንፋሽ መለገሻ።
በስም ጎረቤት ሆነዋል፣ በጠባይ ግን ደመኛ፤
ፊደል የዋህ ነው፣ አይጠይቅም ማን ከማን ጋር እንዳይተኛ።

ምልክት አተምሁ፤ ጠርዙ ቀይ፣ በአንድ ማዕዘኑ የቆመ፤
እሳት ብቻውን ሲሳል፣ ለሚነድ የተሰየመ፤
እሳት ከክብ በላይ ሲሆን፣ ዕቃው ራሱ ባይነድም፣
ለሌላው እሳት እስትንፋስ ነው፣ አየር እስኪመጣ አይጠብቅም፤
የሲሊንደር ሥዕል፣ ታምቆ ለተቀመጠ ጉልበት፤
የሚበታተን ቦምብ ደግሞ — እሱን እንኳ እዚህ ቤት
የምለጥፍበት አይኑር ብዬ፣ መሳቢያ ውስጥ ተውሁት።

ሶዲየም በዘይት ተዘፍዝፏል፣ እንደ ቅቤ በቢላ ይቆረጣል፤
ጣራው ከእሱ በላይ ነው የሚያፈሰው፤ የጎንደር ሐምሌ ደግሞ ይመጣል።
«እሳትን ውሃ ያጠፋዋል» ያለ ሰው ይህን አላየም፤
ይኼ የሚነሣው በውሃ ነው፤ ክብሪት አይለምንም።
ከአሲዶቹም፣ ከቧንቧውም፣ ወደ ደረቁ ጥግ አራቅሁት።

ከዚያ «ኤ»ን ሳነሣ አየሁት።
ከኋላ። ቡናማ ጠርሙስ።
ኤተር፤ የተከፈተው ሚያዝያ ሰማንያ ሁለት፣
ከጋሽ ቻላቸውም በፊት፣ እኔ ሳልወለድ።
ፈሳሹ ወደ ታች ሸሽቶ፣
አንገቱ ዙሪያ፣ ክዳኑ ሥር፣ ነጭ ፍሬ ሠርቷል፤
ከብት የላሰው አሞሌ ይመስል።
መወልወያ ጨርቁ እጄ ላይ ነበር።
እጄም ሊሄድ ነበር።

ማራኪ ግቢ ያስተማረን ሰው፣ ስሙን እንኳ የረሳሁት፣
«ያረጀ ኤተር አንገቱ ከነጣ፣
ጠርሙስ አይደለም፣ ቃታ ነው» ብሎን ነበር።
አልነካሁትም። አምፖሉን እንኳ ሳላጠፋ፣
ወደ ኋላዬ እየረገጥሁ ወጣሁ፤
በሩን በሁለት እጄ መለስሁት።

ርዕሰ መምህርቷ፣ ወይዘሮ ጥሩዓለም፣
«ለአንድ ጠርሙስ?» አሉኝ መጀመሪያ፤
ፊቴን አይተው ደወሉን ራሳቸው ደወሉ።
ሁለት ቀን ትምህርት ቀረ። ልጆቹ ከገመዱ ማዶ
ኳስ ሜዳቸውን እያዩ ተነጫነጩ።

ጋሽ ቻላቸው ሰምተው ከሳሙና በር በባጃጅ መጡ።
ነገርኋቸው።
ብዙ ዝም አሉ።
«በየሰኔው፣ ቆጠራ ሲደርስ፣
አንስቼ፣ አቧራውን ወልውዬ፣ እመልሰው ነበር»
አሉና ድንጋይ ፈልገው ተቀመጡ።
እጃቸውን ገልብጠው አዩት፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል።

ባለሙያዎቹ በሦስተኛው ቀን በአሸዋ ከበው፣
ሕፃን የተኛበት ቤት ይመስል እየተራመዱ ወሰዱት።
ከከተማው ውጭ፣ አሮጌው የድንጋይ ካባ ውስጥ፣
አንድ ድምፅ።
ቁራዎች ተነሡ፤ ተመልሰው አረፉ።

መዝገቡን ጠየቁኝ። እስክሪብቶ ከደረት ኪሳቸው አውጥተው
«ኤተር» ላይ ቀስ ብለው አንድ መስመር ሰረዙ።
ቀጥለው በማስመሪያ፣ ከቀኝ በኩል፣ አዲስ ዓምድ አሰመሩ፤
«ርዕሱን ምን ልበለው?»
ነገርኋቸው። በዚያ በሚያሳሳ እጃቸው ጻፉት።
ከሥሩ እኔ እየሞላሁ ነው፤ ጽሕፈቴ ግን አያምርም።

ጣራው አሁንም ያፈሳል። ማመልከቻው ክፍለ ከተማ ነው።