የማይሄድ ውሃ

መስከረም ሊወጣ፣ ወበቁ ሲሰበር፣
በረንዳ ያደረው አልጋ ቤት ሲገባ በበር፣
ያን ደብተር አወጣለሁ፣ ጀርባው የተላጠ፣
ሰባት ዓመት ሙሉ እየተገለጠ።

«ዘንድሮስ በጥቅምት» እላለሁ እንዳምና፣
ሒሳቡን ጀምሬ ከነዳጁ ዋጋ፣ ከሙሜ መኪና።
ሙሜ ጎረቤት ነው፤ የሱ ሚኒባስ
ፍሬኗ ያለቅሳል ቁልቁለት ስትደርስ፤
«በሚኤሶ ወጥተን፣ አዋሽ ምሳ በልተን፣
ሞጆ ላይ በግራ ወደ ደቡብ ታጥፈን፣
ጀንበር ሳትጠልቅብን ዝዋይ ነን» ይለኛል፣
ኩርባውን በጣቱ አየር ላይ ይሥልልኛል።
እኔም የባቡር ቤት ጡረተኛ፣ ዕድሜዬን ጎማ ያስኬድኩ፣
አንድ ቀን ለሽርሽር ከለገሃር ያልራቅኩ፣
እጽፋለሁ፦

ላንጋኖ፣ ሁለት ሌሊት። ውሃው ቡናማ ነው አሉ፣ እንደ ሻይ።
አብያታ፣ ወፎቹ ካሉ።
ሻላ፣ ከሩቅ ብቻ።
ሐዋሳ፣ አሳ፣ የተጠበሰ። ሎሚ ከዚህ ይያዝ፤ ሁለት።
የድሬ ሎሚ ይሻላል።

ዘነበወርቅ ዝም። ስሟ ዝናብ ያዘለ፣
ጀሪካን ትቆጥራለች፣ የሞላ፣ የጎደለ።
ውሃ በፈረቃ ነው ሰፈራችን ሲመጣ፤
ሌሊት ስምንት ሰዓት ቧንቧው ሲያስነጥስ ተነስታ የምትወጣ
እሷ ናት። እኔማ የእንቅልፍ ባለዕዳ፣
ጠዋት ነው የማየው ሞልቶ ያደረ ገንዳ።

የኒዶው ቆርቆሮ ውስጥ ያጠራቀምነው ብርስ?
አምና ለሮቶው ክዳን።
ካቻምና ለልጃችን ሠርግ፣ ለድንኳን።
ሰበብ መች ይጠፋል። ግን ልቤ ያውቃል፤
ብር አልነበረም ጉዞውን ያስቀረ።
ደቻቱ ነበረ።

ደቻቱ በጋውን ውሃ የለው፣ አሸዋ፤
ግመል ያርፍበታል፣ ልጅ ኳስ ይለጋል፣ ሜዳ ነው ለድሬዳዋ።
አንድ ሌሊት ግን ከላይ፣ ከተራራው መጣ፣
እኛ ጣሪያ ላይ አንዲት ጠብታ ሳትመታ።
ትርንጎን ወሰዳት፣ ታናሽ እህቷን፣ ከነመቀነቷ፤
በማግስቱ የተገኘው አንድ ጫማ፣ የግራ እግር፣
እሱም የጎረቤቷ።

ከዚያ ወዲህ ለሷ ውሃ ሁለት ዓይነት ነው፦
አንዱ በጀሪካን፣ ተለምኖ የሚመጣው፣
አንዱ ማንም ሳይጠራው በር የሚሰብረው።

ሦስተኛ እንዳለ ላሳያት ነው እኔ
ሰባት ዓመት ሙሉ በእርሳስ መባከኔ።
የማይሄድ ውሃ። የማይመጣም።
ጠዋት ያየሽበት ማታም የማይታጣ፣
እንደ ሽማግሌ ቁጭ ያለ፣ ጋቢው ጉም፣
ደጅ የማያንኳኳ፣ ስም የማይጠራም።

ይህን ነገርኳት ወይ? አልነገርኳትም።
የማወራት ስለ አሳ ነው፣ ስለ ሎሚ።
ሙሜን ግን ለብቻው ይዤ፦
«መተሐራ ስትደርስ ንዳው፣ እንዳትቆም።
በሰቃ ይሰፋል ይላሉ፣ መንገድ ይነካል።
ያ ሐይቅ እግር አለው። እሷ አትስማ።»

ትላንት ሌሊት ቧንቧው ሳያስነጥስ ቀረ።
መብራቱም ሄደና ደብተሩ እንደተገለጠ አደረ።
ጠዋት ሳየው፣ ከሎሚው በታች፣ ከኔ ጽሑፍ በታች፣
በመሠረተ ትምህርት የለመደችው ያ ድፍን ፊደሏ፣
ወረቀቱን ሊበሳ የደረሰ፦

«ወንበር አንድ። ከውሃው ዳር ሃያ እርምጃ።»

ሃያውን ሰርዛ
አሥራ አምስት ብላለች።

ምንም አላልኩም።
ሎሚውን ከሁለት ወደ አራት ከፍ አድርጌ
ደብተሩን ባለበት ተውኩት፣
ሳልከድነው።