መቀሱ ያለፈበት

ዝናብ ነው ግላስጎው፣ ከሌሊቱ ስድስት፤
ኤይልሳ ፊልሙን አወጣች ከመድኃኒት።
አንድ ጥቁር ሰረዝ ነበር የጠበቀችው፤
ሁለት ሆኖ መጣ። ሦስቴ ደገመችው።
ያው ሁለት።

ድሀ ነው የዕጢው ቫይረስ፣ ጓዙ እፍኝ ፊደል፤
ግን ካንዲት መልእክት ሁለት ያስወልዳል።
መቀሱም የሴሉ፣ የሰው ቤት መሣሪያ፤
መሃሉን መጣያ፣ ጫፍ ከጫፍ መስፊያ።
አንዴ ረጅም ፕሮቲን፣ አንዴ ደግሞ አጭር፤
አንዱ ፍሬን ሊፈታ፣ አንዱ ሊያግዝ ከዳር።

በእኛ ፊደል ቢሆን፦ ይጻፍ «ነቀርሳ»፤
«ቀር» ተቆርጦ ይውጣ፤ የሚቀረው «ነሳ»።
ሌላ ቦታ ቁረጥ፣ ይነበባል «ርሳ»።

ኤይልሳ ሰረዙን ለካች፣ ነጭ ጋውኗን ለብሳ፤
ቁጥሩን በእርሳስ ጻፈች።
እናቷን የነሳት ይሄኛው ባይሆንም፣
እንዴት አድርጋ ትርሳ?