አጀንዳ አምስት

በርበሬዬን ሸጬ የያዝኩት ወረቀት
ሰባት ዓመት ሞላው፣ ጥጃ ሳይገኝበት።
ፍኖተ ሰላም ላይ ጉባኤ ነው ዛሬ፤
መጣን በሚኒባስ፣ ከጅጋ፣ ከቡሬ።

የዱቄት ፋብሪካው ዓመት ሙሉ ዘግቶ
ዘበኛው ብቻ አለ፣ ጓሮው ጎመን ዘርቶ።
«ኪሳራ ቀነሰ» አለ አቶ ምንይችል፣
ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ሳል ይዞት ይመስል።
አጀንዳ አምስት ላይ፦ ደሞዙ ይጨመር፣
የቤት፣ የነዳጁ፣ ቦነሱም እንዳይቀር።

እጄን አነሣሁኝ፣ ሃያ አክሲዮን ይዤ፤
ቆጣሪው አለፈኝ፣ ቀረሁኝ ደንዝዤ።
አያ አንሙት ሳቀ፦
«ያንቺ እጅ ምን ያደርጋል?
የብዙ ሺው ጌታ ማታ ጨርሶታል።»

ከዚያ ምሳ መጣ፣ ቀይ ወጥ በየሳህኑ፤
ገና ሳልጎርሰው ታወቀኝ ጠረኑ፦
የሸጥኩት በርበሬ፣ የዚያው የማሳዬ።
በሰባት ዓመቱ
ይኸው ትርፍ ድርሻዬ፤
ሁለት ጉርሻ፣ እንባዬ።