እግር ውሃ

«አዲስ ቅዳም! ወራጅ አለ?» አለ ረዳት፤
«አለሁ» ለማለት እንኳ ቃሉ ከበደኝ ድንገት።
ሁለት ሻንጣ ወረደ፤ እኔም ሦስተኛዋ፣
ዚፕዋ የማይዘጋ፣ የተላጠ ቆዳዋ።

በልቤ የያዝሁት ገብስ ነው፣ ያባቴ ማሳ፣
ነፋስ ሲመጣ ተኝቶ፣ ሲያልፍ የሚነሣ።
አሁን ግን ዲከረንስ ነው፣ በረድፍ የቆመ፣
ገና በችግኙ ለከሰል የታለመ፤
ከየጉብታው ሥር ጢሱ ይትጎለጎላል።
«ከሰል ነው፣» አለኝ አንማው፣ «ከገብስ ይሻላል።
ቆርቆሮ አለበሰን፣ ባጃጅም ገዛልን፤
እሱና ያንቺ ሀዋላ ሰው አረጉን።»
እውነቱን ነው። ባዶ ጎተራ ያየ ሰው
ገብስ ሲወዛወዝ አይደለም የሚናፍቀው።

ብቻ፣
«ገብሱ ሲደርስ እደርሳለሁ» ብዬ ነበር ስሄድ፤
እኔስ ደረስሁ፤ እሱ ቀረ፤ ተላለፍን በመንገድ።

ውሻው ገመዱን ወጥሮ ጮኸ፤ «እህቴ ናት፣ አንተ!»
ቢለውም አልሰማ፤ ውሻ ሀዋላ አላሸተተ።
ያንማው ትንሽ ልጅ አየኝ፣ ስልኩንም አየ ደግሞ፤
የትኛዋ እኔ እንደሆንሁ ሳይወስን ዋለ ቆሞ።

ሶፋው ላይ አስቀመጡኝ፣ ፕላስቲኩ ያልወለቀ፣
በኔ ብር ተገዝቶ ለእንግዳ የተጠበቀ።
ጓዳ ልገባ ስነሣ ደጊቱ «ተይ፣ በሞቴ!
ቀሚስሽ ይቆሽሻል፤ ቁጭ በይልኝ፣ እቴ።»

ሲመሽ ውሃ አሙቃ፣ ጨው ቢጤ ጣል አርጋ፣
በሳፋ ይዛ መጣች፣ ነጠላዋን አደግድጋ።
ያኔ ማዳም ሱዓድ መጣችብኝ፣ ስኳር ያሳበጠው እግሯ፣
አሥራ ስድስት ዓመት ማታ ማታ ያጠብሁት፣ ከነጥፍሯ።
እጄ ሥራውን ያውቀዋል፤ እግሬ ግን አላወቀ
መታጠብን፤ ሳፋው ውስጥ ጣት በጣት ተሳቀቀ።

ደግሞ ትዝ አለኝ፦
የሴት ልጅ እግርማ ወንዝ ነበር የሚጸዳ፤
ሳፋው ለሁለት ሰው ነበር፤ ላባቴና ለእንግዳ።

አባቴ የለም።

ደጊቱ እግሬን ሳመች፤ ሳፋውን ይዛ ወጣች፤
ከዲከረንሱ ሥር፣ በጨለማ፣ ደፋች።
«የማን ነህ?» ሳይል ቀዩ አፈር ተቀበለው፤
ከኔ ዛሬ ቤቱ የገባ ያ ውሃ ብቻ ነው።