የልብስ ሰፊዋ ግንቦት

ከዚራ፣ ከኒሙ ጥላ ሥር፣ ሆዳን ካላት ጠባብ ሱቅ፣
ግንቦትን በአሥር ብር ገዛሁት፣ ገና ትኩሱን፣ ገና ሲሞቅ፣
ከፕሪንተሩ አፍ ሲወጣ እንደ ዳቦ እየተነነ።
(በዚህ ከተማ፣ በዚህ ወር፣ ያልሞቀ ነገር የት ሆነ?)

ጠርዙ ዙሪያውን ቡገንቪላ፣ ሐምራዊ ቀለም ያፈሰሰ፤
መሀሉ ሠላሳ መስኮት፣ ሠላሳ ገና ያልተዳሰሰ።
ከእያንዳንዱ ቁጥር ግርጌ ሁለት ታናናሽ ቁጥሮች፣
የፈረንጁና የሒጅራው፣ እንደታዘሉ ልጆች።
«አቦ፣ የሁሉም ቤት ይስቀለው!» ትላለች ሆዳን፣
«አንድ ቀን ሦስት ስም ቢኖራት ምን ይገርማል?
የድሬ ልጅ አይደለችም እንዴ?»

ገንደ ቆሬ ወስጄ፣ ከስፌት መኪናዬ ፊት፣
በአራት ስፒል ሰቀልኩት።
ድሮ ሁሉን በጭንቅላቴ፣ በብጣሽ ጨርቅ፣ በመዳፌ
ነበር የምይዘው፤ ላቤ ያጥበዋል ከነጽሕፈቴ፣ ከነሰልፌ።
በዚህ ሙቀት፣ መዳፍ ላይ የተጻፈ ቀን አያድርም።

ሰማያዊ ነጥብ፦ ውሃ የሚመጣበት ሌሊት፣
በየሦስት ቀኑ፣ ከስምንት ሰዓት እስከ ንጋት።
አረንጓዴ መስመር፦ የኢፍቱ የሂሳብ ፈተና።
ቀይ፣ ዘጠኝ ቁጥር ላይ፦ የፈርዶስ የኒካህ ቀሚስ፣
እጅጌው ገና ያልቀና።
በእርሳስ ብቻ፣ ደብዘዝ አድርጌ፦ እቁብ።
ዕጣ አይታመንምና።

ቆሜ አየሁት። ደስ አለኝ።
ወሩ እንደተተኮሰ ጨርቅ ተዘርግቶ ታየኝ።

ከዚያ ፈርዶስ መጣች፣ በባጃጅ፣ ከነእናቷ።
«ረቡዕ ነይ አላልሽኝም? አለቀ?»
«ረቡዕማ ነገ ነው» አልኩ፣ ወረቀቱን እያሳየሁ።
እናቷ መነጽሯን ከቦርሳ አወጣች፣
ከአበባው እስከ ቁጥሩ በጣቷ ሄደች፣
«ግንቦት አንድ የዋለው ረቡዕ፤
ያንቺ ወረቀት ማክሰኞ አዋለው።
ምነው ልጄ፣ ሰፊ ሆነሽ ቀን ጠበበሽ?»

ሆዳን ጋ ደወልኩ። ዝም አለች።
«ወይኔ» አለች ቆይታ፣ «የአምናውን ሰንጠረዥ ነው፤
አበባ ጨመርኩበት፣ ፊደሉን አሳመርኩት፣
ቀን በዓመቱ አንድ እርምጃ እንደሚገፋ ግን ረሳሁት።
ሌላ ላትምልሽ።» መብራት ግን ከጠዋት ጀምሮ የለም።

መቀስ አነሳሁ።
የቀኖቹን ስም ከላይ፣ እንደ ኮሌታ፣ ቆርጬ ለየሁ፣
አንድ ቤት ወደ ግራ ሳብኩ።
ሰኞ ከጠርዝ ወጥታ ተንጠለጠለች፤
ቀነጠስኳትና ከእሑድ ኋላ ጣፍኳት፤
ዞሮ ዞሮ ከእሑድ ማግስት ሌላ የት ልትውል ኖሯል?

በቀይ ክር፣ በእጅ ስፌት፣ ቀስ ብዬ፤
ወረቀት እንደ ጨርቅ አይደለም፣ የተወጋውን አይረሳም።

ልጅ ሳለን ደቻቱ ሲደርቅ፣ አሸዋው ላይ በዱላ ጭረን
ሰኞ ማክሰኞ እንጫወት ነበር፤ ባንድ እግር፣ ድንጋይ ወርውረን።
ጎርፍ ይመጣል፣ ሰኞንም ማክሰኞንም ይዞ ይሄዳል፤
በማግስቱ ሌላ ዱላ፣ ሌላ መስመር።
መስመሩ ጠፋ ብሎ ያለቀሰ ልጅ አላስታውስም።

ፈርዶስ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ስታየኝ ቆይታ
«ቀሚሴን ትተሽ ወር ትሰፊያለሽ?» አለች፣ በሳቅና በቁጣ መሀል።
«ጠቦኝ ነበር» አልኳት፣ «አሁን ሰፋሁት።»
እናቷ ብቻ ገባትና ሳቀች።

እጅጌው ሐሙስ ጠዋት አለቀ፤ አንዱ ከአንዱ ትንሽ ይረዝማል፣
ማንም አላየው።
ለሆዳንም ነገርኳት፦ ሰኔን ስታትሚ አበባውን አብዥው፣
የቀኖቹን ስም ግን ለኔ ተይልኝ።

ሰማያዊዋ ነጥብ ብቻ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።
ውሃ ረቡዕ ይሁን ሐሙስ ምን ገዶት፤
ከሌሊቱ ስምንት ላይ ቧንቧው አስነጠሰ፣
ኢፍቱን ቀሰቀስኳት፣
ጄሪካኑን ይዘን ወጣን።