ሃያ ሰባት ኢንች

ልጄ ኦፌክ ይባላል፤ በዚህ አገር ቋንቋ አድማስ ማለት ነው።
የሱ አድማስ ግን እስከ ትናንት፣ ከጎረቤት የወረሰው፣
ጥጉ የተሰነጠቀ፣ ዳር ዳሩ የጠቆረ
አሮጌ ስክሪን ነበረ።

ሁለት በጋ በሱፐርማርኬት ካርቶን እየቆለለ፣
ማታ ማታ ኮምፒውተሩን ብሎን በብሎን ቀጠለ፣
በዕብራይስጥ እየተራገመ፣ እናቱ ስታልፍ ዝም እያለ።
"አባ" አለኝ ዓርብ ጠዋት፣ "ቀረኝ እኮ ስክሪኑ፤
የጎደለኝን ሙላልኝ። ገንዘቡ አይደለም ከባዱ፣ መወሰኑ።"
በመብራት ሒሳብ ጀርባ ላይ ሦስት መስመር ጻፈልኝ፦

አሥራ ዘጠኝ ሃያ በአሥር ሰማንያ።
ሃያ አምስት ስልሳ በአሥራ አራት አርባ።
ሠላሳ ስምንት አርባ በሃያ አንድ ስልሳ።

የሎተሪ ቁጥር መሰለኝ። "ነጥብ ነው" አለ፣ "ወደ ጎንና ወደ ታች፤
ነጥቡ ሲበዛ ዓለሟ ጠርታ ትወጣለች።"
የሸማኔ ልጅ አይደለሁ? ወዲያው ገባኝ፤ ድርና ማግ!
ዓይኔ ፊት መጣ አባቴ፣ ክሩን ሲያሰልፍ ጥግ ለጥግ።
"ሳሳ ያለ ነጠላ" ይል ነበር፣ "ፀሐይ ያሳልፋል፤
የጠበቀ ቡልኮ ግን የሸማኔ ክንድ ይበላል።"
ካርዱ ነው እንግዲህ ሸማኔው፤ በአንድ ሴኮንድ መቶ ጊዜ
ሸምኖ መቶ ጊዜ ይተረትራል፤ አቤት የዘመኑ አባዜ!

እኔ ግን "ትልቁን!" አልኩ፤ የራሴ ምክንያት አለኝ፤
በገበያ ማዕከሉ ጥበቃ፣ ስክሪን ፊት ነው የሚነጋልኝ።
አሥራ ስድስት ካሜራ በአንድ መስተዋት ተሸንሽኖ፣
የሰው ፊት፣ ቢበዛ ቢበዛ፣ አምስት ጥሬ ሽንብራ ሆኖ።
አምና ብስክሌት ጠፋ። ፖሊሱ "ሌባው ምን ይመስላል?" ሲለኝ፣
"ግራጫ ነው" አልኩት። እስከ ዛሬ ይስቃል፣ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ።

ከቂርያት ጋት አሽኬሎን፣ ይረክሳል ብሎ ወሰደኝ።
ሰምዮን የሚባል ሻጭ ከትልቁ ፊት ገተረኝ፦
ንብ ነበረች አበባ ላይ፤ የክንፏ ሥር ይቆጠራል፣
እግሯ ላይ የያዘው ዱቄት፣ እፍ ቢሉት ይበናል።
አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ኦፌክ ግን ራሱን ነቀነቀ፤
"ካርዴ አይችለውም አባ፤ ስሮጥ ይጎተታል ምስሉ፣ እየተሰነጠቀ።"
ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲሉ ነበር የሰማሁት፤
ሸማኔውን ራሱን ሲያስር ግን ዛሬ ነው ያየሁት።

"በኋላ ካርድ ትቀይራለህ" አለ ሰምዮን፣ ፈገግ ብሎ።
"በኋላማ ወታደር ነኝ፤ በነሐሴ" አለው ልጄ፣ ቶሎ።
ስለዚያ ነሐሴ እኔና እሱ ገና አልተነጋገርንም።
ሰምዮንም ሌላ አልጨመረም።

ከዚያ ክንዱን ዘረጋ፤ ከዓይኑ እስከ መስተዋቱ ለካ፦
"የምቀመጠው ከዚህ ነው። ከመሐለኛው የተረፈውን ነጥብ
ዓይኔም አያየውም ለካ!"

ሃያ አምስት ስልሳ በአሥራ አራት አርባ። ሃያ ሰባት ኢንች።
አሥራ ሁለት መቶ ሸቀል፤ እኩሌታዋ ከኔ ኪስ ወጣች።
ሰንበት ሳይገባ፣ በመጨረሻው አውቶቡስ፣ ካርቶኑ ጉልበታችን ላይ፣
ሁለታችንም ዝም፤ እሱ በመስኮት ሜዳውን ሲያይ፣
እኔ እሱን ሳይ።

ቅዳሜ፣ ሰንበት ሲወጣ፣ እሱ ገመድ ሲሰካ እኔ ለሥራ ወጣሁ፤
መነጽሬን ከአዲሱ ስክሪን አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ረሳሁ።
አሥራ ስድስቱም ካሜራ አንድ ጉም ሆነው አደሩ ስል፣
በካሜራ ሰባት፣ ከመኪና ማቆሚያው በኩል፣
ከጨለማው ብቅ አለ
ሦስት አራት ጥሬ ግራጫ፣ ወደ ግራ ዘንበል ያለ፤
ትከሻውን ቦርሳ ያዘመመው፣ ሲራመድ ተረከዙን የሚጎትት።
ሳያንኳኳ በሩን ከፈትሁለት።

መዝገቡ ላይ እንዲህ ሰፈረ፦
"ከምሽቱ አራት ሰዓት ከአርባ። በር ሰባት።
አንድ ወጣት። መነጽር ይዞ።
አጠራጣሪ ነገር የለም።"